ዝም ብሎ የተኛ ሰው አንጎል፦ በኤፍኤምአርአይ ምን እንለካለን፣ ምንስ ያሳስተናል?

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር። ዛሬ የምንነጋገረው አንድ ሰው ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ገብቶ፣ ምንም ሥራ ሳይሰጠው፣ አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ሲተኛ ከአንጎሉ ስለምንሰበስበው ልኬት ነው። የእረፍት ኤፍኤምአርአይ እንለዋለን፤ ኤፍኤምአርአይ ማለት የአንጎልን ሥራ ተከትሎ የሚመጣውን የደም ለውጥ በኤምአርአይ፣ ማለትም በመግነጢስ ምስል በሚያነሳ ማሽን፣ መለካት ነው። ከዚህ ልኬት ተነስተን «ይህ የአንጎል ክፍል ከዚያኛው ጋር ተሳስሯል» እንላለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ «ተሳስሯል» የሚለው ቃል ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ቁጥር የሚነግረን የሁለት ቦታዎች የደም ሲግናል አብሮ ከፍና ዝቅ ማለቱን ብቻ ነው። አብሮ ከፍና ዝቅ ያደረገው ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የጭንቅላት መነቃነቅ ወይም እንቅልፍም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ነው።

ሲግናሉ ከየት ይመጣል? ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢንና ኦክስጅኑን የለቀቀ ሄሞግሎቢን በመግነጢስ ፊት ጠባያቸው አንድ አይደለም። ይህ ከ1936 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ ከላይነስ ፖሊንግና ከቻርልስ ኮርየል ሥራ የታወቀ ነው። ኦክስጅኑን የለቀቀው ሄሞግሎቢን በዙሪያው ያለውን የመግነጢስ መስክ በጥቂቱ ያዛባል፤ በዚያ አካባቢ ያለው የኤምአርአይ ሲግናልም ቶሎ ይጠፋል። የነርቭ ሴሎች ሥራ ሲበዛባቸው ሰውነት ወደዚያ የሚልከው ደም ከሚፈጁት ኦክስጅን ይበልጣል። ስለዚህ ኦክስጅን አልባው ሄሞግሎቢን ታጥቦ ይሄድና ሲግናሉ ከፍ ይላል። ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 ይህንን በአይጦች አንጎል አሳይቶ ቦልድ የሚል ስም ሰጠው፤ በ1992 ደግሞ በሰው ላይ ተለካ። ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ የምንለካው ነርቭን ሳይሆን ነርቭን ተከትሎ የመጣን ደም ነው። ሁለተኛ፣ ደሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ለአጭር ቅጽበት የነርቭ ሥራ የደሙ ምላሽ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ቆይቶ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበረው አሠራር ሰውየውን «ጣትህን አንቀሳቅስ፣ አሁን አቁም» እያሉ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መፈለግ ነበር። ጣቱን ባላንቀሳቀሰበት ጊዜ የሚታየው ውጣ ውረድ እንደ ጫጫታ ተቆጥሮ ይጣል ነበር። ባራት ቢስዋልና ባልደረቦቹ ሚልዋኪ በሚገኘው የዊስኮንሲን ሕክምና ኮሌጅ ሆነው በ1995 ያሳተሙት ሥራ ያንን ጫጫታ አንስቶ መረመረው። ሰዎቹ ምንም ሳይሠሩ ተኝተው እያለ በየ250 ሚሊሰከንዱ 512 ምስል ተነሳ፤ ጠቅላላው 128 ሰከንድ ነው። እጅን የሚያዘው የግራ አንጎል ክፍል ሲግናል ከቀኙ ክፍል ሲግናል ጋር አብሮ ይዋዥቅ ነበር፤ ያውም ከ0.1 ኸርዝ በታች በሆነ ዝግታ፣ ማለትም አንዱ ዙር ከ10 ሰከንድ በላይ እየፈጀ። ምስሉ በየሩብ ሰከንዱ መነሳቱ ድንገት የተመረጠ ነገር አይደለም፤ ለምን እንደጠቀመ ስለ ልብ ምት ስንነጋገር ግልጽ ይሆናል።

ከዚያ ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቹ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ2001 ሌላ ጥያቄ አነሱ። አንጎል የሰውነታችንን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፤ ከሰውነት ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ከባድ ሥራ ሲሰጠው ፍጆታው የሚጨምረው ከ5 በመቶ ባነሰ ነው። ታዲያ ቀሪው ጉልበት በእረፍት ጊዜ ምን ላይ ይውላል? ሥራ ሲጀመር ዝቅ የሚሉ፣ ሥራ ሲቆም ከፍ የሚሉ ቦታዎች ተለይተው ታወቁ፤ ዲፎልት ሞድ የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። በ2003 ማይክል ግራይሺየስና ባልደረቦቹ እነዚህ ቦታዎች በእረፍት ጊዜም አብረው እንደሚዋዥቁ በኤፍኤምአርአይ አሳዩ። ዛሬ ማንኛውም ጥሩ የእረፍት ልኬት ላይ መጀመሪያ የምንፈልገው ይህንን ኔትወርክ ነው። ካልታየ ዳታው ተበላሽቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ወደ ተግባሩ እንግባ። የምንጠቀምበት ምስል ኢኮ ፕላናር የሚባለው ፈጣን አነሳስ ነው። በ3 ቴስላ ማሽን (ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው) የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ ቮክሰሉ፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ኩብ፣ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር፤ የማዳመጫ ጊዜው፣ ቲኢ የምንለው፣ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ፤ ከአንዱ ሙሉ ምስል እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ፣ ቲአር የምንለው፣ 2 ሰከንድ፤ የማዘንበያ ማዕዘኑ፣ ማለትም ማሽኑ በየጊዜው ሲያነቃው በሰውነት ውስጥ ያለው መግነጢስ የሚያጋድልበት ልክ፣ 77 ዲግሪ ገደማ። ይህ ማዕዘን የሚሰላው ከቲአሩና ከግራጫው የአንጎል ክፍል የማገገሚያ ጊዜ ነው። ቲአርን አሳጥራችሁ ማዕዘኑን 90 ላይ ከተዋችሁት ሲግናል በከንቱ ታጣላችሁ። የመጀመሪያዎቹን 4 ወይም 5 ምስሎች ጣሉ፤ መግነጢሱ ገና አልረጋም፤ ከቀሪው ይልቅ ይደምቃሉ፤ ከተውናቸውም መላው አንጎል «ተሳስሮ» ይታያል።

ባላችሁበት ቦታ ያለው ማሽን 1.5 ቴስላ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ የ1995ቱ ሥራም የተሠራው በ1.5 ቴስላ ነው። ግን የ3 ቴስላውን ቅንብር እንዳለ አትገልብጡ። ቲኢውን ወደ 40 ወይም 50 ሚሊሰከንድ አስረዝሙት፤ ቮክሰሉን ወደ 3.5 ወይም 4 ሚሊሜትር አሳድጉት፤ የሚተኛበትንም ጊዜ ጨምሩ።

አንድ ቦታ ግን በየትኛውም ማሽን ያስቸግራል። ከዓይን ጉድጓድ በላይ ያለው የፊት ክፍልና የጆሮ አካባቢ ያለው የጎን ክፍል ሥር አየር ካለባቸው የአጥንት ክፍተቶች አጠገብ ናቸው። አየርና ሥጋ በሚገናኙበት ድንበር የመግነጢስ መስኩ ይዛባል፤ ሲግናሉ ይጠፋል ወይም ምስሉ ተለጥጦ ይወጣል። መለጠጡን ለማረም አንዱን አጭር ምስል ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ በሚያነብ አቅጣጫ አንሥታችሁ ማስላት ይቻላል፤ ከአንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሁልጊዜም አንሡት። የጠፋው ሲግናል ግን አይመለስም። «ይህ ክፍል ከምንም ጋር አልተሳሰረም» ከማለታችሁ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ሲግናል መኖሩን ጥሬውን ምስል ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ሰውየውን ስለማዘጋጀት ብዙ ጊዜ በቂ ትኩረት አይሰጥም። የብረት መስቀል፣ የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር መርፌ ይውለቅ። ወርቅና ብር በማግኔቱ ባይሳቡም ምስሉን ያዛባሉ። ማተቡ የጥጥ ክር ብቻ ከሆነ አይጎዳም፤ ክታብ ካለ ግን ውስጡ ብረት መኖር አለመኖሩ አይታወቅምና በትሕትና ጠይቁ። በቀለሙ ውስጥ የብረት ውሁድ ያለበት ንቅሳት ሊሞቅ ይችላል፤ ግንባርና አንገት ላይ ከሆነ ምስሉንም ሊያዛባ ስለሚችል አስቀድሞ ይመዝገብ። በብረት ክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ፀጉር የተቀጠለበት ሹሩባም እንዲሁ። ሽንት ቤት ደርሶ ይምጣ፤ ይህን ቀላል ነገር የሚያህል እንቅስቃሴን የሚቀንስ መሣሪያ የለም።

ቡናን ለየብቻ ላንሣው፤ እኛ ዘንድ ቀላል ጉዳይ አይደለምና። ካፌይን የአንጎል የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። እጅን በሚያዘው ክፍል ላይ የግራና የቀኝ ተዛምዶን እንደሚቀንስም በ2009 ታይቷል። «እንግዲያው ከልክሏቸው» ትሉ ይሆናል። በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ሰው አንድ ቀን ሲከለከል ራሱን ያመዋል፣ የደም ፍሰቱም ከወትሮው ይጨምራል፤ ይህም ሌላ ስሕተት ነው። የሚሻለው ሰውየው እንደ ልማዱ እንዲሆን ትታችሁ፣ ስንት ሲኒ በስንት ሰዓት እንደጠጣ መመዝገብና የምታወዳድሯቸውን ሁለት ቡድኖች በዚህ ማመጣጠን ነው። ጫትን፣ ሲጋራን፣ በጾም ቀን ምግብ መቅመስ አለመቅመሱንም በዚያው ቅጽ ላይ ጻፉ።

አሁን ወደ አሳሳቾቹ። መጀመሪያ ልብ። በየ2 ሰከንዱ ምስል የምናነሳ ከሆነ በትክክል ልናየው የምንችለው ፈጣኑ ውዥዋዤ 0.25 ኸርዝ ነው። ከዚያ የፈጠነ ነገር አይጠፋም፤ ሌላ ነገር መስሎ ይመለሳል። ፊልም ላይ የመኪና ጎማ በዝግታ ወደ ኋላ ሲዞር እንደምናየው ማለት ነው። በደቂቃ 63 ጊዜ የሚመታ ልብ 1.05 ኸርዝ ነው። በየ2 ሰከንዱ ሲነሣ በ0.05 ኸርዝ የሚዋዥቅ ይመስላል፤ አንድ ዙሩ 20 ሰከንድ። ይህ እኛ የነርቭ ነው ብለን በምንመረምረው ከ0.01 እስከ 0.1 ኸርዝ ባለው መስኮት መሃል ላይ ያርፋል። ማጣሪያ ሊለየው አይችልም፤ ወደ መስኮቱ የገባው ገና ምስሉ ሲነሣ ነውና። በየ250 ሚሊሰከንዱ ሲነሣ ግን ልብ በራሱ ቦታ፣ በ1 ኸርዝ አካባቢ ይታያል። የ1995ቱ አነሳስ የጠቀመው በዚህ ነው። ቲአራችሁ 2 ሰከንድ ከሆነ ጣት ላይ የልብ ምት መለኪያ፣ ሆድ ላይ የትንፋሽ ቀበቶ አድርጉ፤ እያንዳንዱ ምስል በልብና በትንፋሽ ዙር የትኛው ነጥብ ላይ እንደተነሣ አስልቶ የሚያርም ዘዴ ከ2000 ጀምሮ አለ።

ትንፋሽ ከልብ ይብሳል። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው 0.25 ኸርዝ ነው፤ ይህ ከመስኮታችን ውጭ ስለሆነ የሚያሳስብ አይመስልም። ችግሩ ትንፋሹ ሲጠልቅና ሲሳሳ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲተኛ አንዴ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ አንዴ ትንፋሹን ያቀላል። በዚህ ምክንያት በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የደም ሥርን ያሰፋል። ይህ ለውጥ በዝግታ፣ በ0.03 ኸርዝ አካባቢ፣ በመላው ግራጫ ክፍል ላይ ይሄዳል። አንድ ረጅም ትንፋሽ ብቻ የአንጎሉን ሲግናል ለ20 ወይም ለ30 ሰከንድ ያህል ሊጎትተው ይችላል። ነርቭ ምንም ሳይናገር ሁሉም ቦታ ከሁሉም ጋር «ተሳሰረ» ማለት ነው። ጭንቀት ያለባቸውን ሰዎች ጭንቀት ከሌለባቸው ስታወዳድሩ የምታወዳድሩት አተነፋፈሳቸውን ሊሆን ይችላል። የትንፋሽ ቀበቶው ዋጋው ትንሽ ነው፤ እባካችሁ አትርሱት።

አብዝቼ የምናገርበት ግን የጭንቅላት መነቃነቅ ነው፤ ብዙ የታተመ ውጤት የወደቀው እዚህ ላይ ነውና። በ2012 ሦስት ቡድኖች፣ በጆናታን ፓወር፣ በቲዎዶር ሳተርትዌትና በኮኔ ቫን ዳይክ የተመሩ፣ ለየብቻቸው አንድ ነገር አሳዩ። ከሚሊሜትር በታች የሆነ እንቅስቃሴ፣ ያውም ምስሎቹ በኮምፒውተር ከተደራረቡ በኋላ፣ ትስስርን በአንድ በተወሰነ አቅጣጫ ያጣምማል፦ በአጠገብ ያሉ ቦታዎች ትስስር ይጨምራል፣ በሩቅ ያሉት ይቀንሳል። ምክንያቱ ይህ ነው። ራስ ሲነቀነቅ ጎረቤት ቮክሰሎች አንድ ዓይነት ለውጥ ይደርስባቸዋል፤ ስለዚህ አብረው ይዘላሉ። ራስ የሚዞረው ግን አንገት ላይ ነው፤ ግንባር ሲንቀሳቀስ ማጅራት ያንኑ ያህል አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የራቁት ይለያያሉ። ሕፃናት ከአዋቂ ይበልጥ ይነቃነቃሉ፤ ኦቲዝም ያለባቸው፣ አረጋውያንና ሕመምተኞችም እንዲሁ። «ልጅ ሲያድግ የሩቅ ትስስሩ ይጠነክራል» የሚለው ድምዳሜ ከፊሉ «ልጅ ሲያድግ ዝም ብሎ መተኛት ይችላል» ማለት ሆኖ ተገኘ።

ምስሎቹን መደራረብ ለምን አያርመውም? ኤምአርአይ እያንዳንዱን ቁራጭ በየ2 ሰከንዱ ያነቃዋል። ሥጋው መሃል ላይ ከቦታው ቢንሸራተት ገና ሳያገግም ዳግም ይነቃል ወይም ከተለመደው ጊዜ ዘግይቶ ይነቃል። ምስሉ ወደ ቦታው ቢመለስም ድምቀቱ ተለውጧል። ይህ ለውጥ አንዳንዴ ከ10 ሰከንድ በላይ ይቆያል።

የምንለካው እንዲህ ነው። ከአንድ ምስል ወደ ቀጣዩ ራሱ በሦስት አቅጣጫ የተንሸራተተውንና በሦስት አቅጣጫ የዞረውን እናሰላለን። ዙሩን 50 ሚሊሜትር ራዲየስ ባለው ኳስ ላይ ወደ ሚሊሜትር እንለውጠዋለን፤ 1 ዲግሪ 0.87 ሚሊሜትር ይሆናል። ስድስቱን ያለ ምልክታቸው እንደምራለን። ከ0.5 ሚሊሜትር የበለጠ ምስል ይጣላል፤ ጠበቅ ማድረግ የሚፈልግ 0.2 ላይ ይቆርጣል። ብዙዎች ከተጣለው በፊት አንዱን፣ በኋላ ሁለቱንም አብረው ያወጣሉ፤ ከላይ ያልኳችሁ ቆይታ ስላለ ትክክል ነው። ይህ ወሰን ግን ለ2 ሰከንድ ቲአር የተለመደ ነው። በፈጣን አነሳስ ላይ እንዳለ ብትወስዱት ትሳሳታላችሁ፤ ደረት ከፍና ዝቅ ሲል የመግነጢስ መስኩን ስለሚያዛባ፣ ራስ ሳይነቃነቅ ምስሉ በትንፋሽ ልክ የተነቃነቀ ይመስላል። መጀመሪያ ያንን የትንፋሽ ውዥዋዤ ከእንቅስቃሴ መለኪያው ላይ አጣሩት፣ ከዚያ ወሰን አውጡ።

መከላከል ግን ከማረም በብዙ ይሻላል። በራሱ ግራና ቀኝ ስፖንጅ ጠቅጥቁ። ከግንባሩ ላይ ከኮይሉ፣ ማለትም ራሱን ከሚከበው ሲግናል ተቀባይ፣ አንድ ጎን ወደ ሌላው የሕክምና ፕላስተር ለጥፉ፤ የሚያስረው አይደለም፣ ሲነቃነቅ ቆዳው ሲሳብ እንዲታወቀው ነው። ከጉልበቱ ሥር ትራስ፣ ከላዩ ብርድ ልብስ። ለልጆች ድምፁን እያሰማችሁ ቀድሞ በማስመሰያ ማሽን አለማምዱ። ፊልም ማሳየት ልጆችን ጸጥ ያደርጋል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የለካችሁት እረፍት አይደለም፣ ፊልም ማየት ነው፤ ለሁሉም እኩል አሳዩ፣ እንዲህ ብላችሁም ጻፉ።

እንቅልፍ የማይነገርለት ጠላት ነው። ማሽኑ እየጮኸም ሰው ያንቀላፋል። በ2014 ኤንሶ ታግሊያዙኪና ሄልሙት ላውፍስ ባሳተሙት ሥራ ከተሳታፊዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በ3 ደቂቃ ውስጥ ንቃታቸውን እያጡ ነበር። አንቀላፍቶ ያለ አንጎል ትስስሩ ይለወጣል፤ ሌሊቱን ያልተኛ በሽተኛ ከተኛ ጤነኛ ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ ከበሽታው ይሁን ከእንቅልፉ አይታወቅም። ዓይን ጨፍኖ መተኛት ለእንቅልፍ ያጋልጣል። ዓይን ከፍቶ አንድ የመስቀል ምልክት ላይ ማተኮር ለውጤት መደጋገም ይበልጥ ተስማምቷል። ካሜራ ካላችሁ ዓይኑን ተከታተሉ፤ ከሌላችሁ ገና ከአልጋው ሳይነሳ «አንቀላፍተው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉ። መመሪያውም ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል ይነበብ። «ምንም አታስቡ» አትበሉ፤ ማንም አይችለውም። «ዓይንዎን ከፍተው ምልክቱን ይመልከቱ፣ እንዳይተኙ፣ ሐሳብዎ ወደፈለገበት ይሂድ» በቂ ነው።

ስለ ዳታ ማጽዳት አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር፤ ቅደም ተከተሉን። ብዙ ሰው ዳታውን በ0.01 እና በ0.1 ኸርዝ መካከል አጣርቶ፣ ከዚያ ያልተጣሩ የእንቅስቃሴ መለኪያዎችን በስሌት ያወጣል። ይህ ያወጣችሁትን ጫጫታ መልሶ ያስገባዋል። ወይ ሁለቱንም በአንድ ስሌት አድርጉ፣ ወይ መለኪያዎቹንም በዚያው ማጣሪያ አሳልፉ። የሚጣሉትንም ምስሎች ከማጣራት በፊት በጎረቤቶቻቸው ግምት ተኩ፤ አለዚያ ማጣሪያው የአንዱን ምስል ዝላይ ወደ አጠገቡ ያሉት ሁሉ ላይ ይረጨዋል።

አሁን ቁጥሩን እንቁጠር፤ ብዙ ጽሑፍ ላይ የማይታይ ሒሳብ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። 10 ደቂቃ በ2 ሰከንድ ቲአር 300 ምስል ነው። ማጣሪያው ከ0 እስከ 0.25 ኸርዝ ካለው ውስጥ 0.09 ብቻ ያስቀራል፤ ከ300ው ነጻ ቁጥር፣ ማለትም በእርግጥ አዲስ መረጃ ከሚሰጠን ልኬት፣ የሚተርፈው 108 ነው። ከስድስቱ በስሌት የሚወጡትን የተለመዱ 24 የእንቅስቃሴ መለኪያዎች፣ ከነጩ ክፍልና ከአንጎል ፈሳሽ ደግሞ 5፣ 5 ስናወጣ 74 ይቀራል። በዚህ ላይ የሁለት ቦታዎች ተዛምዶ (አብሮ የመዋዥቃቸው ልክ፣ ከ-1 እስከ 1 የሚደርስ) 0.4 ሆነ እንበል። የ95 በመቶ መተማመኛ ወሰኑ ከ0.19 እስከ 0.58 ነው። ደካማ ሊሆን ይችላል፣ ጠንካራም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ስለ አንድ ሰው ብዙ ማለት አንችልም። ያንኑ ሰው ስድስት ጊዜ 10 ደቂቃ ብንለካው ወሰኑ ከ0.32 እስከ 0.48 ይጠባል። በዚህ ምክንያት ነው የአንጎልን ትስስር ካርታ ለመሥራት የተቋቋመው የሂውማን ኮኔክቶም ፕሮጀክት እያንዳንዱን ሰው አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ገደማ፣ በ0.72 ሰከንድ ቲአርና በ2 ሚሊሜትር ቮክሰል የለካው። 5 ደቂቃ ለቡድን አማካይ ትንሽ ነገር ይነግራችኋል፤ ለአንድ ግለሰብ አይበቃም።

ትስስሩን የምናወጣበት መንገድ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። አንድ ቦታ መርጠን የእርሱን ሲግናል ከመላው አንጎል ጋር ማዛመድ ቀላሉና ለመረዳት የሚመቸው ነው፤ ድክመቱ የመረጥነው ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ሲሸሽ ካርታው መለወጡ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ራሱ አብረው የሚሄዱትን እንዲለያቸው መተው ነው፤ ከወጡት ውስጥ የትኛው ኔትወርክ፣ የትኛው የደም ሥር ወይም የራስ መነቃነቅ እንደሆነ የሚለየው ግን የሰው ዓይን ነው። ጫፍ ላይ ቀለበት ሠርቶ የሚታይ ካርታ ራስ ተነቃንቆ ነው። ሦስተኛው አንጎልን በክፍል ከፋፍሎ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማዛመድ ነው። 400 ክፍል ከወሰዳችሁ 79,800 ጥንድ ይኖራችኋል፤ በ0.05 ወሰን፣ ማለትም ከመቶ አምስት ጊዜ በአጋጣሚ መሳሳትን ፈቅደን፣ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ወደ 3,990 የሚጠጉት በአጋጣሚ «ልዩነት አለ» ይላሉ። እርማት የግድ ነው። በ2022 ወደ 50,000 በሚጠጉ ሰዎች ዳታ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ የአንጎልን ትስስር ከባሕርይና ከችሎታ ጋር የሚያገናኙ ግኝቶች እንዲደገሙ በሺዎች የሚቆጠር ሰው እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። 25 ሰው ይዞ «የብልህነት ኔትወርክ አገኘሁ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ይህንን ሒሳብ አስታውሱ።

የመላውን አንጎል አማካይ ሲግናል ማውጣት አለብን ወይስ የለብንም የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። ሲወጣ የትንፋሽና የእንቅስቃሴ ጫጫታ በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን ሒሳቡ ራሱ የቀሩትን ተዛምዶዎች ወደ ዜሮ ዙሪያ ስለሚጎትታቸው ከፊሉ የግድ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ይህ በ2009 በሒሳብ ተረጋግጧል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የታየን ኔጌቲቭ ቁጥር «ሁለቱ ኔትወርኮች ይጻረራሉ» ብሎ መተርጎም ድፍረት ነው። የእኔ ምክር ውጤቱን በሁለቱም መንገድ አሳዩ የሚል ነው። በአንዱ ብቻ የሚታይ ግኝት ገና አልጸናም።

የደም ሲግናሉ በእርግጥ ከነርቭ የመጣ ሆኖ እንኳ «ተሳሰረ» ማለት ገመድ ተዘርግቷል ማለት አይደለም። ሁለቱን የአንጎል ግማሾች የሚያገናኘው ወፍራም የነርቭ ድልድይ በ6 ዓመት ልጅ ላይ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲቆረጥ፣ የግራና የቀኝ ትስስሩ ወዲያው ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ይህ በ2008 ታትሟል። ያን ድልድይ ከመነሻው ሳይኖራቸው የተወለዱ አዋቂዎች ግን በ2011 ሲለኩ የግራና የቀኝ ኔትወርካቸው እንደ ማንኛውም ሰው ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ውጤት ትክክል ነው። ገመዱ ሲቆረጥ ልኬቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ልኬቱ ከገመዱ ጋር ግንኙነት አለው። ገመዱ ሳይኖር ደግሞ በሌላ መንገድ፣ በሌሎች ማገናኛዎች በኩል ሊገነባ ይችላል።

በሕክምና ረገድ በአልዛይመር የዲፎልት ሞድ ኔትወርክ ትስስር በቡድን ደረጃ እንደሚቀንስ ከ2004 ጀምሮ ይታወቃል። አንድን ታማሚ አስተኝቶ በዚህ ብቻ «አልዛይመር ነው» ወይም «አይደለም» ማለት ግን አይቻልም፤ ቅድም ያየነው ወሰን አይፈቅድም። ለአንድ ታማሚ በቀጥታ የሚጠቅመው ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በፊት ነው። እጁ ሽባ የሆነ፣ መናገር ያቃተው ወይም ማደንዘዣ የተሰጠው ሕፃን «ጣትህን አንቀሳቅስ» ቢባል አይችልም፤ ዝም ብሎ መተኛት ግን ይችላል። በዚያ ልኬት እጅን ወይም ንግግርን የሚያዘው ክፍል ከዕጢው ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዕጢው አጠገብ ያሉት የደም ሥሮች ብዙ ጊዜ ለነርቭ ጥሪ የሚሰጡት ምላሽ ይበላሻል። ነርቩ እየሠራ ደሙ ካልመለሰ ካርታው ላይ ባዶ ይታያል። ቀዶ ሐኪሙ ያንን ባዶ ቦታ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ካነበበው የሚቆርጠው የታማሚውን እጅ ወይም ቋንቋ ነው። ስለዚህ ካርታውን ስታስረክቡ ሰውየው ትንፋሹን 15 ሰከንድ እየያዘ የተነሣ ሌላ አጭር ምስል አብራችሁ ስጡ፤ የደም ሥሮቹ ምላሽ የማይሰጡበትን ቦታ ያሳያል። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ባዶነት እንዳይታመን በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ሐኪሙም በቀዶ ጥገናው ጊዜ በኤሌክትሪክ ነክቶ ያረጋግጣል።